ደም የቀላቀለ ሽንት፣ የሚቆራረጥ ሽንት፦ ከኡም ራኩባ እስከ ገዳሪፍ ሐኪም ቤት

ሽንትዎ ላይ ደም አይተዋል። አላመመዎትም፤ በማግሥቱም ጠርቷል። ይህን ጽሑፍ ከሁሉ በፊት የጻፍኩት እንዲህ ላጋጠመው ሰው ነው። ሕመም የሌለው ደም ያዘናጋል። የሽንት ፊኛ ካንሰር ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ብቅ የሚለው በዚሁ መልክ ነው፤ አንድ ቀን ይታያል፣ ለሳምንታት ይጠፋል፣ ከዚያ ይመለሳል። ሌላው አንባቢዬ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ የሚነሣው፣ ቆሞ የሚያምጠው፣ ሽንቱ እየተቆራረጠ የሚወርድለት አባት ነው። ይህ ከፕሮስቴት ዕጢ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፣ አንዳንዴ ግን ነው።

በምሥራቅ ሱዳን ገዳሪፍ ግዛት ያለው የኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ከኢትዮጵያ የተሰደዱትን ተቀብሎ በኋላ ተዘግቶ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲነሣ በሀምዳይት ድንበር በኩል ለተሻገሩት እንደገና ተከፈተ። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ደግሞ ሱዳን ራሷ ጦርነት ውስጥ ገባች። እዚህ ካንሰርን ለማከም ከባዱ ነገር መድኃኒት መጥፋቱ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ምርመራ አንድ ጉዞ፣ አንድ ፈቃድ፣ አንድ የመኪና ክፍያ ይጠይቃል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ገንዘቡም ጊዜውም ያልቃል። ስለዚህ ምን እንደሚደረግ ብቻ ሳይሆን ምን ከምን በፊት እንደሚደረግ እጽፋለሁ።

ደሙን ባዩ ቀን

ቀኑን ይጻፉ። ደሙ የታየው ከሽንቱ መጀመሪያ፣ ከመሐሉ ወይስ ከመጨረሻው? የሚያቃጥል ነበር ወይስ ምንም ሕመም አልነበረውም? የረጋ ደም ነበረው? ፎቶ ያንሡት። ለሳንባ ነቀርሳ ሪፋምፒሲን የሚወስዱ ከሆነ መድኃኒቱ ሽንትን ብርቱካናማ ቀይ ስለሚያደርግ ይህንንም ይናገሩ። ሁለተኛ እስኪደገም አይጠብቁ፤ በመጀመሪያው ይሂዱ።

በካምፑ ክሊኒክ የሚጠየቀው የሽንት ምርመራ በማይክሮስኮፕ ነው፤ የቢልሃርዚያ እንቁላልም እንዲፈለግ በግልጽ ይጠይቁ። የሽንት ቢልሃርዚያ እንቁላል በብዛት የሚወጣው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። (ሱዳናዊው ባለሙያ 10 ሰዓት ሲልዎት በእኛ አቆጣጠር የጠዋቱ 4 ሰዓት ማለቱ ነው፤ በዚህ ምክንያት ሰዓት የሚያልፋቸው ብዙ ናቸው።) ናሙናውን ከመስጠትዎ በፊት ትንሽ ይራመዱ፤ የመጨረሻዎቹን ጠብታዎች ጭምር ወደ ብልቃጡ ያስገቡ፣ እንቁላሉ የሚበዛው እዚያ ነው።

ስለ ቢልሃርዚያ ትንሽ ልቆይ፤ በዚህ አካባቢ የፊኛ ካንሰር ታሪክ ያለ እሱ አይነገርም። ዘሩ ሁለት ነው። በአድዋ፣ በጣና ዙሪያና በሌሎች ደጋማ ስፍራዎቻችን የሚገኘው አንጀትን የሚይዘው ነው፤ ደሙ በሰገራ ይታያል፣ የፊኛ ካንሰርንም አያመጣም። ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ እንዶድ በሽታውን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አድዋ ላይ ያስተዋለው በዚህኛው ምክንያት ነው። ሁለተኛው ፊኛን የሚይዘው ነው። በአገራችን በአዋሽ ሸለቆና በአሶሳ በኩል በኩርሙክ ቆላ ይገኛል፤ በሱዳን ደግሞ የገዚራ፣ የራሃድና የኒው ሃልፋ የመስኖ ቦዮች ቤቱ ናቸው። እንቁላሉ በፊኛ ግድግዳ ላይ ለዓመታት ሲከማች ቁስሉ ይቆያል፤ ከዚያም ካንሰር ሊነሣ ይችላል። የዓለም የካንሰር ምርምር ተቋም በ1994 እ.ኤ.አ. ይህን ትል በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት መደብ አስፍሮታል። ስለዚህ ሐኪሙ ፊት «ልጅ ሳለሁ ቢልሃርዚያ ነበረብኝ» ማለት ብቻ አይበቃም። የት እንደያዘዎት፣ በየትኛው ቦይ እንደሠሩ፣ እንደዋኙ ወይም ልብስ እንዳጠቡ ይናገሩ። ለሰሊጥና ለጥጥ ሥራ ራሃድ ወርደው ዓመታት የቆዩ ሰዎች ይህን ሳይናገሩ አይውጡ።

እንቁላል ከተገኘ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ መጠኑ በአንድ ኪሎ ክብደት 40 ሚሊ ግራም፣ በአንድ ጊዜ የሚዋጥ። አንዱ ፍሬ 600 ሚሊ ግራም ከሆነ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 4 ፍሬ ይወስዳል። ነገር ግን ፕራዚኳንቴል ትሉን እንጂ ካንሰሩን አይገድልም። ከወር ወይም ከወር ተኩል በኋላ ሽንቱ እንደገና ይመርመር። ደሙ ካልጠፋ፣ ወይም ዕድሜዎ ከ40 ካለፈና ደሙ በዐይን የሚታይ ከነበረ፣ ቢልሃርዚያ ተገኘ ተብሎ ጉዳዩ አይዘጋም፤ ፊኛው መታየት አለበት። በቢልሃርዚያ ሰበብ የሚመጣው ካንሰር ደግሞ ከሌላው ዓይነት በለጋ ዕድሜ ነው የሚከሰተው።

ሌላው ወጥመድ ተደጋጋሚ የኢንፌክሽን መድኃኒት ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን ይሰጣል፣ ደሙ ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን እንደገና ይሰጣል። ደሙ ራሱ የሚመጣና የሚሄድ ስለሆነ መድኃኒቱ የሠራ ይመስላል። አንድ ዙር ጨርሰው ደሙ ከተመለሰ ሁለተኛ ዙር ሳይሆን የሪፈር ወረቀት ይጠይቁ። ይህን ለሴቶች አስረግጬ እናገራለሁ። የፊኛ ካንሰር የወንድ ብቻ በሽታ አይደለም፤ ሴቶች ግን «የወር አበባ ነው» ወይም «ብርድ ነው» እየተባሉ ወራት ያልፍባቸዋል። ያረጠች እናት ሽንቷ ላይ ደም ካየች የሚያዘገያት አንድም ምክንያት የለም።

ሽንቱ ሲቆራረጥ

ከ50 ዓመት በኋላ የፕሮስቴት ዕጢ በብዙ ወንድ ላይ ያድጋል። ይህ ዕድገት ካንሰር አይደለም፣ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ችግሩ ምልክታቸው መመሳሰሉ ነው። ለመለየት ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ የጣት ምርመራ፣ ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባለው የደም ምርመራ እና፣ ካስፈለገ፣ ናሙና።

የጣት ምርመራው ሐኪሙ ጓንት አድርጎ በፊንጢጣ በኩል ዕጢውን የሚዳስስበት ነው። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፣ ምንም ማሽን አይፈልግም፣ መብራትም ቢጠፋ ይሠራል። ዕጢው ለስላሳ ነው ወይስ ድንጋይ የመሰለ እብጠት አለበት የሚለውን የሚነግረው ይህ ነው። አባቶቻችን ይህን እንደ ነውር ቆጥረው ከሐኪም ቤት ደጅ ሲመለሱ ያሳዝነኛል፤ የወንድ ክብር አይነካም። አባትዎን ይዘው የሚሄዱ ልጅ ከሆኑ ለዚህ ምርመራ ከክፍሉ ይውጡላቸው፤ ልጃቸው ፊት ስለሆነ ብቻ እምቢ የሚሉ አሉ።

የደም ምርመራው ገዳሪፍ ሄደው የሚሰጡት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ አንዴ ተሰጥቶ እንዳይበላሽ ይጠንቀቁ። የሽንት ኢንፌክሽን ካለ መጀመሪያ ይታከም፣ ከዚያ ስድስት ሳምንት ይጠበቅ። ካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ) በቅርቡ ከገባ ውጤቱ ከፍ ይላል። ከምርመራው በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ግንኙነት አይኑር፣ ብስክሌትም አይነዳ። ፊናስቴራይድ የሚባለውን መድኃኒት ከስድስት ወር በላይ የወሰደ ሰው ውጤቱ በግማሽ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ለሐኪሙ ካልተነገረ ያሳስታል።

ቁጥሩ እንዲህ ይነበባል። በአንድ ሚሊ ሊትር ከ4 ናኖ ግራም በታች ብዙ ጊዜ አያሳስብም፤ ከ4 እስከ 10 ያለው አጠራጣሪ ነው፣ በዕድሜና በዕጢው መጠን ሊመጣም ይችላል፤ ከ10 በላይ ሲሆን የካንሰሩ ዕድል ይጨምራል። ከ100 በላይ ሆኖ ዕጢው ጠንካራ ከሆነና የወገብ አጥንት ሕመም ካለ፣ በሽታው ወደ አጥንት መድረሱ በእጅጉ ይጠረጠራል። ናሙና መውሰድ በማይቻልበት ቦታ ሐኪሙ በዚህ ማስረጃ ብቻ ሕክምና ሊጀምር ይችላል፤ ያ ግዴለሽነት አይደለም፣ ተቀባይነት ያለው አሠራር ነው። በሌላ በኩል ምንም ምልክት የሌላቸው የ78 ዓመት አዛውንት ይህን ምርመራ እንዲያደርጉ አልመክርም፤ በዕድሜያቸው የማይጎዳቸውን ነገር ፈልጎ ማግኘት ጭንቀትና ወጪ ነው የሚያተርፈው።

ሽንት ጨርሶ ከቆመና ሆድ ከተነፋ ይህ ቀጠሮ የሚያዝለት ነገር አይደለም። ውኃም ፀበልም አብዝተው አይጠጡ፤ የሚያስወጣው አይደለም፣ ፊኛውን ብቻ ይወጥራል። በዚያው ሰዓት ካቴተር ይግባ። ካቴተሩ የላቴክስ ከሆነ በአራት ሳምንት፣ የሲሊኮን ከሆነ በአሥራ ሁለት ሳምንት ይቀየራል። ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛ በታች ይንጠልጠል፤ በአልጋ ላይ ከጎን ማስተኛት ሽንቱን ወደ ኋላ ይመልሳል።

ሪፈር

የተመዘገበ ስደተኛ ከካምፑ ክሊኒክ ወደ ገዳሪፍ የሚላከው በሪፈር ነው። እንደ ካንሰር ያለ ውድ ሕክምና ሲሆን የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት (ዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር.) ጉዳዩን ለልዩ የሕክምና ኮሚቴ ያቀርባል። ኮሚቴው የሚያየው ሁለት ነገር ነው፦ ሕክምናው የመዳን ዕድል ይሰጣል ወይ? ወጪውስ ምን ያህል ነው? ይህን በግልጽ የምጽፈው አንባቢው እንዲቆጣ አይደለም። በጊዜ የመጣ ሰው «አዎ» የሚባልበት ዕድል ሰፊ፣ የዘገየ ሰው ግን ጠባብ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው ደም ቀን የተጻፈባት ወረቀት እዚህ ጋ ዋጋ ታወጣለች።

ለኮሚቴው የሚቀርበው ወረቀት «ካንሰር ይጠረጠራል» ብቻ ከሚል የሚከተሉትን ቢይዝ ይሻላል፦ የሽንት ውጤት፣ የአልትራሳውንድ ውጤት (ፊኛው ሞልቶ የተነሣ)፣ የኩላሊት የደም ምርመራ፣ የሄሞግሎቢን መጠን፣ ለወንድ ፒ.ኤስ.ኤ.፣ እና የሚጠየቀው ቀጣይ እርምጃ በስሙ። «ለሽንት ቧንቧ ስፔሻሊስት፣ ለፊኛ በመሣሪያ መታየት» ተብሎ ይጻፍ። ወረቀቱን ሁሉ በስልክ ፎቶ አንሥተው አገር ውጭ ላለ ዘመድ ይላኩት። ድንኳን ይቃጠላል፣ ዝናብ ያበሰብሳል፣ ሰው ይፈናቀላል።

ሱዳናዊ ሐኪም ፊት አስተርጓሚ ካጡ እነዚህን ይያዙ፦ ሽንት ቦል፣ ፊኛ መሳና፣ ካንሰር ሰረጣን፣ ናሙና ዐይና፣ የሽንት ቧንቧ ሕክምና መሳሊክ በውሊያ፣ ፊኛን በመሣሪያ ማየት ሙንዛር፣ ካቴተር ቀስጠራ። ደም በዐረብኛም ደም ነው።

ዝናቡን አይርሱ። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ከሰኔ እስከ መስከረም መኪና ይውጣል፤ መንገዱ ለቀናት ይዘጋል። በግንቦት የታየ ደም እስከ ጥቅምት እንዳይቆይ ሪፈሩ ከክረምቱ በፊት እንዲያልቅ ይጎትጉቱ። ኮሚቴው እስኪወስን አልትራሳውንዱን በራስዎ ወይም በዘመድ ገንዘብ ማስነሣት ከቻሉ ያስነሡ፤ ውሳኔውን ያፋጥናል።

ወደ ኢትዮጵያ መሻገር የሚያስቡም አሉ። ከመተማ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከ200 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው፤ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ገዳሪፍ ለመጣ ሰው ትክክለኛው መንገድ ይህ ሊሆን ይችላል። የመንገዱን ሰላም በዚያው ሳምንት ከመጡ ሰዎች ይጠይቁ። የተመዘገቡ ስደተኛ ከሆኑ ግን ድንበር ማለፍ ምዝገባዎን ሊነካ ስለሚችል ከመሄድዎ በፊት የዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር.ን የጥበቃ ባለሙያዎች ያማክሩ።

ናሙናው

ካንሰር የሚረጋገጠው በናሙና ነው። ከፕሮስቴት በመርፌ ብዙውን ጊዜ አሥራ ሁለት ቦታ ይወሰዳል፤ ከፊኛ ደግሞ በሽንት ቧንቧ በሚገባው መሣሪያ እብጠቱ እየተላጠ ይወጣል። ናሙናው በውኃ ወይም በጨው ውኃ ሳይሆን በፎርማሊን መቀመጥ አለበት፤ በሌላ ከተቀመጠ ይበሰብሳል፣ ሥቃዩም ከንቱ ይቀራል። ብልቃጡ ላይ ስምዎ፣ ቀኑና የተወሰደበት ቦታ መጻፉን በዐይንዎ ይዩ። ከፕሮስቴት ናሙና በኋላ ሽንትና የዘር ፈሳሽ ላይ ደም መታየቱ ይጠበቃል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ግን የደም ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ይመለሱ።

ውጤቱ ሲመጣ «ካንሰር ነው ወይስ አይደለም» ብለው ብቻ አይውጡ። ለፕሮስቴት የግሊሰን ነጥብ ስንት ነው ይበሉ፤ 6 ዝግተኛው፣ ከ8 እስከ 10 ፈጣኑ ነው። ለፊኛ ሁለት ጥያቄ አለ፦ ዓይነቱ ምንድን ነው፣ ጡንቻውንስ ነክቷል ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ ሕክምናውን ሁሉ ይወስናል። ናሙናው ጡንቻ ካልያዘ ዳግመኛ መላጥ ሊያስፈልግ ይችላል። ሰሙ ውስጥ የተቀመጠውን የናሙና ቁራጭም ይጠይቁ፤ ላቦራቶሪው ቢዘጋ ወይም እርስዎ ወደ ሌላ አገር ቢሄዱ ሌላ ሐኪም ከዚያው ቁራጭ ማንበብ ይችላል። ከሙቀት ይጠብቁት፣ ይቀልጣል።

የፕሮስቴት ሕክምና

በዕጢው ውስጥ ያለና ነጥቡ 6 የሆነ ካንሰር ወዲያው መታከም ላያስፈልገው ይችላል፤ በየጊዜው ፒ.ኤስ.ኤ. እየታየ ይጠበቃል። ከዚያ ከፍ ያለው ከዕጢው ካልወጣ በቀዶ ጥገና ወይም በጨረር ሊድን ይችላል። ጨረሩ ላይ እዚህ እንቸገራለን። የካርቱምና የወድ መደኒ የጨረር ማዕከላት በጦርነቱ ተቋርጠው ሕመምተኛው በሰሜን እስከ ሜሮዌ ሲላክ ቆይቷል፤ ከገዳሪፍ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የገዳሪፉ የካንሰር ማዕከል ያለ ጨረር በኬሞቴራፒ ላይ ተመሥርቶ፣ ከወድ መደኒ በ2016 ዓ.ም. የተፈናቀሉትን ጭምር ተሸክሞ ሠርቷል። ወደ የትኛውም ቦታ ከመነሣትዎ በፊት ማሽኑ በዚያ ሳምንት እንደሚሠራ በስልክ ይረጋገጥ። በኢትዮጵያ ጥቁር አንበሳና ጅማ የጨረር ሕክምና አላቸው፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው።

አብዛኞቹ የእኛ ሰዎች የሚመጡት በሽታው አጥንት ከደረሰ በኋላ ነው። ለእነሱ የምለው ተስፋ ሰጪ ነገር አለኝ፤ ያለ ማሽን የሚሠራ ሕክምና አለ። የፕሮስቴት ካንሰር የሚመገበው የወንድ ሆርሞን ነው። ቻርልስ ሐጊንስ በ1941 እ.ኤ.አ. ይህን አሳይቶ በ1966 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ሆርሞኑ ሲቋረጥ የአጥንት ሕመሙ አንዳንዴ በቀናት ይቀንሳል፣ በአልጋ የነበረ ሰው ይነሣል። መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ በየ28 ቀኑ ወይም በየሦስት ወሩ የሚወጋ መርፌ ነው፤ ጎሰረሊን አንዱ ነው። ሌላው የዘር ፍሬዎቹን በቀላል ቀዶ ጥገና ማውጣት ነው።

በሰላማዊ ከተማ የሚኖር ሰው መርፌውን ቢመርጥ እረዳዋለሁ። በኡም ራኩባ ላለ ሰው ግን ቀዶ ጥገናው የተሻለ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ። መርፌው ከ25 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለበት፣ የገዳሪፍ ሚያዝያ ደግሞ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። አንድ መርፌ ከዘገየ ሆርሞኑ ይመለሳል፤ መንገድ ሲዘጋ፣ በጀት ሲቋረጥ፣ ሰው ሲፈናቀል መዘግየቱ አይቀርም። ቀዶ ጥገናው ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚወስድ፣ በአካባቢ ወይም በወገብ ማደንዘዣ የሚሠራ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈልበት ነው። ሆርሞኑ በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል፤ ሰውየው የትም ቢሰደድ ሕክምናው አብሮት ይሄዳል።

ዋጋውን አልደብቅም። የግንኙነት ፍላጎት ይጠፋል፣ የሙቀት ማዕበል በሰውነት ይመላለሳል፣ አጥንት እየሳሳ ይሄዳል። በሽታውን ይገታል እንጂ አያድንም፤ ለብቻው ሲሰጥ በአማካይ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ገደማ ይይዘዋል፣ አንዳንዱን ከዚያ በላይ። ከውጭ «ጎዶሎ» መስሎ መታየት የሚያስጨንቅዎት ከሆነ ሽፋኑ ቀርቶ ውስጡ ብቻ የሚወጣበት አሠራር እንዳለ ይጠይቁ። ባለቤትዎ ከሐኪሙ ጋር አብረው ይስሙ። በሃይማኖት በኩል ከከበደዎት ከንስሐ አባትዎ ወይም ከሼኩ ጋር ይነጋገሩ፤ ነገር ግን የሚወስኑበትን ቀን ቆርጠው ይነጋገሩ። መርፌውን ከመረጡ ደግሞ የመጀመሪያው መርፌ ሆርሞኑን ለጥቂት ሳምንት ከፍ ስለሚያደርግ ቢካሉታማይድ የሚባለው ክኒን አስቀድሞ መሰጠቱን ይጠይቁ። ከዚህ በኋላ ለሚመጣው ደረጃ ዶሴታክሰልና አቢራቴሮን በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ የመድኃኒት ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ በገዳሪፍ መኖራቸው ግን በዚያ ወር ባለው አቅርቦት ይወሰናል።

የፊኛ ሕክምና

ጡንቻውን ያልነካ ከሆነ በመላጥ ይወገዳል፣ ከዚያ እንዳይመለስ መድኃኒት በፊኛ ውስጥ ይጨመራል። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ቢ.ሲ.ጂ. ነው፤ በሳምንት አንዴ ለስድስት ሳምንት፣ ሁለት ሰዓት ይዞ መቆየት ነው። ከሕፃናቱ ክትባት ጋር አንድ ዘር ቢሆንም መጠኑ የተለየ ስለሆነ ከፋርማሲ የሕፃን ክትባት ገዝተው አይምጡ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜም ይፈልጋል። ቢገኝም ባይገኝም በየሦስት ወሩ በመሣሪያ መታየት ግዴታ ነው፤ ይህ ካንሰር መመለስን ይወዳል። የሚያጨስ ሰው ያቁም፤ ከቢልሃርዚያ ውጭ ላለው የፊኛ ካንሰር ትልቁ ምክንያት ትንባሆ ነው፣ ሕክምናውንም ያዳክማል።

ጡንቻውን ከነካ ፊኛው መውጣት አለበት፤ በአንዳንድ ሰው ከቀዶ ጥገናው በፊት በሲስፕላቲን የተመሠረተ ኬሞቴራፒ ይሰጣል። በቢልሃርዚያ የመጣው ዓይነት ለኬሞቴራፒው ብዙም ስለማይበገር ቀዶ ጥገናው ዋነኛው ነው። ፊኛ ሲወጣ ሽንቱ በአንጀት ቁራጭ በኩል ወደ ሆድ ቆዳ ተመርቶ በከረጢት ይሰበሰባል። ከመስማማትዎ በፊት ከረጢቱን ማን እንደሚያቀርብ፣ ለስንት ወር እንደሚሰጥ ይጠይቁ። ውኃ በወረፋ በሚቀዳበት ድንኳን ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። ሽንቱ ከሰገራው ጋር በአንድ መውጫ እንዲወጣ የሚያደርግ የቆየ አሠራርም አለ፤ ቢልሃርዚያ ባለባቸው አገሮች ከረጢት ስለማይጠይቅ ሲመረጥ ኖሯል። በምትኩ የደም ምርመራ በየጊዜው ይፈልጋል፣ ኩላሊትም ለኢንፌክሽን ይጋለጣል።

የማይጠብቁ ምልክቶችና ሕመም

የፕሮስቴት ካንሰር ያለበት ሰው እግሩ ከዛለ፣ መቀመጫው ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ ካመለጠው ካንሰሩ ኅብለ ሰረሰሩን እየተጫነው ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ዴክሳሜታዞን ይጀመርለት፣ የወንድ ሆርሞኑም ይቋረጥ፤ በማግሥቱ የሚመጣው ሰው ላይራመድ ይችላል። ሽንት በረጋ ደም ከተዘጋ ወይም ለአንድ ቀን ሽንት ከጠፋ በዚያው ሰዓት ይሂዱ።

የአጥንት ሕመም በፓራሲታሞል ካልበረደ የሚዋጥ ሞርፊን ይጠይቁ። በሰዓቱ ይወሰዳል እንጂ ሕመሙ እስኪጮህ አይጠበቅም፤ ሱስ ያስይዛል ተብሎም ከሕመምተኛ አይነፈግ። ሆድ ስለሚያደርቅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማለስለሻ አብሮ ይሰጥ። ኩላሊታቸው ለደከመ ሰዎች ዲክሎፌናክ አደገኛ ስለሆነ በራስዎ አይግዙላቸው።

ከውጭ ገንዘብ የሚልኩ ልጆች «ምን ያስፈልጋል» ብለው ሲጠይቁ መልሱ በቅደም ተከተል ይሁን፦ መጀመሪያ የገዳሪፍ መኪናና አልትራሳውንድ፣ ቀጥሎ ናሙናና የላቦራቶሪ ክፍያ፣ ከዚያ ቀዶ ጥገናው። ስሙ ያልታወቀ «የካንሰር መድኃኒት» ከገበያ ለመግዛት አንድም ሳንቲም አይላክ። ሕክምና የጀመረ የፕሮስቴት ሕመምተኛ ፒ.ኤስ.ኤ. በየሦስት ወሩ ይታይ፤ ቁጥሩ በአንድ ወረቀት ላይ ከነቀኑ ተደርድሮ ይጻፍ፣ ቀጣዩ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።